አርዘ ሊባኖስና የደብራችን ዝግባ



በሊባኖስ የምትኖሩ አንድ ዛፍ ሳታዩ የምትውሉበት ቀን ጥቂት ነው። በሰንደቅ ዓላማቸው መካከል በአረንጓዴ ቀለም ተስሏል፤ ከቤይሩት በሚነሣው አውሮፕላን ጭራ ላይም አለ። በሌላ ዐረብ ሀገር ያላችሁም ብትሆኑ ዛፉን በዓይን ባታዩት ስሙን ከዳዊት ታውቁታላችሁ። ግእዙ «አርዘ ሊባኖስ» ይለዋል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «የሊባኖስ ዝግባ» ብሎ ተርጉሞታል። ዐረቦቹም እስከ ዛሬ «አርዝ» ነው የሚሉት። በዐረብኛ ሲጻፍ በየቀኑ ከምትቀቅሉት ሩዝ ጋር ፊደሉ አንድ ነው፤ ስለዚህ ፊደል የቆጠራችሁት ቃሉን በሩዝ ከረጢት ላይ አይታችሁ ብትገረሙ አይፈረድባችሁም።

ሆኖም አንድ ነገር መለየት ይገባል። የሊባኖሱ አርዝና በደብራችን ቅጽር ውስጥ ያለው ዝግባ አንድ ዛፍ አይደሉም። ተርጓሚዎቹ አባቶች ሕዝቡ ያላየውን ዛፍ ሕዝቡ በሚያውቀው፣ ቁመቱ ረጅም፣ ዕድሜውም ብዙ በሆነው ዛፍ ስም ጠሩለት፤ መልካምም አደረጉ። ሁለቱ ዛፎች በዘር ይራራቁ እንጂ በታሪካቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም በአንድ ወቅት ተራራውን ሸፍነው ነበር፤ ሁለቱም ተቆርጠው አለቁ፤ የተረፉትም በአብዛኛው ሰው አክብሮ በተዋቸው ቦታዎች ነው። ሁለቱንም ዛሬ የሚያሰጋቸው ነገር አንድ ነው፤ እሱም ያረጁት ዛፎች እግር ሥር የሚተካ ልጅ መጥፋቱ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ጉዳይ ነው፤ ነገሩ ከእናንተ እጅ እንዴት እንደሚገናኝ ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

ወደ ብሸሪ የሚወስደው መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር ከቤይሩት ምእመናን ጋር ወደ አርዙ ደን ለመሄድ ዕድል አገኘሁ። ዕረፍታቸው እሑድ ብቻ የሆነ፣ አንዳንዶቹም ከአሠሪዎቻቸው በስንት ልመና የወጡ እኅቶች ነበሩ። ይህን መንገድ ልትሄዱት ያልተፈቀደላችሁ ብዙዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ያየሁትን በዝርዝር አስፍሬዋለሁ።

ከቤይሩት እስከ ደኑ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሱ በመጀመሪያ ባሕሩን በስተ ግራ እያደረገ ወደ ሰሜን ይጓዛል። በመንገዱ ላይ ጁቤይል የምትባለው ጥንታዊት የወደብ ከተማ አለች። የግብፅ ነገሥታት የሊባኖስን እንጨት በመርከብ ያስጭኑ የነበሩት ከዚህች ወደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ከታላቁ ፒራሚድ አጠገብ ከጉድጓድ የወጣው የፈርዖን ኩፉ መርከብ ከዚሁ ዛፍ የተሠራ ነው። ርዝመቱ 43 ሜትር ያህል፣ ዕድሜው ወደ 4,500 ዓመት ሲሆን እንጨቱ ግን አልበሰበሰም። የአርዝ እንጨት ሙጫና ጥሩ መዓዛ ያለው ዘይት ስላለው ነቀዝም ብስባሴም በቀላሉ አይደፍረውም።

ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ወደ ጢሮስ ንጉሥ ወደ ኪራም ልኮ ያስመጣው ይህንኑ እንጨት ነበር። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈ፣ ለሥራው ሠላሳ ሺህ ሰዎች ተመልምለው በየወሩ አሥር አሥር ሺህ ወደ ሊባኖስ ይላኩ ነበር፤ አንድ ወር በሊባኖስ ሠርተው ሁለት ወር በቤታቸው ይቀመጡ ነበር። ይህን በአውቶቡሱ ውስጥ ስናገር ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እኅት «አባታችን፣ የነሱ ውል ከኛ ይሻል ነበር ማለት ነው» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ከሣቁም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ፤ ከመካከላቸው ቤቷን ካየች ሰባት ዓመት የሞላት ነበረችና።

ከባሕሩ ዳር ከተለየን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ የወይራ ተክል፣ ቀጥሎ የፖምና የወይን እርሻ፣ ከዚያም ገደል። ገደሉ ቀዲሻ የሚባለው ሸለቆ ነው። ቃሉ የሱርስት ሲሆን ከግእዙ «ቅዱስ»፣ «ቅድስት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በገደሉ ግድግዳ ላይ በዋሻ የተፈለፈሉ ገዳማት ይታያሉ። በዚህ ሸለቆ ከሌሎች ወገኖች ጋር ከኢትዮጵያ የመጡ መነኮሳትም በጥንት ዘመን ይኖሩ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። ሸለቆውና ደኑ አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል።

ብሸሪ ከተማን አልፈን ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ስንደርስ ራቁቱን የቆመ ግራጫ ተራራ አየን፤ በራሱም ላይ ያልቀለጠ በረዶ ነበረ። በተራራው እቅፍ ውስጥ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ ይታያል። ደኑ ያ ነው። ብዙዎቹ እኅቶች «ይኸው ብቻ ነው?» አሉ። አዎን፣ ይኸው ብቻ ነው። ነባሮቹ ዛፎች ወደ 375 ይሆናሉ ይባላል። ከእነርሱ መካከል እጅግ ያረጁት እስከ 35 ሜትር የሚረዝሙ ሲሆኑ የግንዳቸው ዙሪያ ከ12 እስከ 14 ሜትር ይደርሳል። ስምንት ሆነን እጅ ለእጅ ተያይዘን አንዱን ለመክበብ ብንሞክር ኖሮ ዙሪያውን ላንጨርሰው እንችል ነበር፤ ነገር ግን ወደ ግንዱ መጠጋት አይፈቀድም። ምክንያቱን ኋላ እናየዋለን።

ዛፍ እንዴት ይኖራል?

ከታች ቆሞ ሽቅብ ለሚያይ ሰው ዛፍ ከመሬት የወጣ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የዛፍ ደረቅ አካል አብዛኛው የተሠራው ከአየር ነው። ቅጠል በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነርሱ በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ይስባል። ሥር ከታች ውሃ ይልካል፤ ቅጠል ሁለቱን በፀሐይ ብርሃን ኃይል አዋሕዶ ስኳር ይሠራል፤ የቀረውን ኦክስጅን እኛ ለምንተነፍሰው አየር ይለቃል። እንጨቱ፣ ቅርፊቱ፣ ፍሬው ሁሉ የሚሠራው ከዚያ ስኳር ነው። ከመሬት የሚወሰደው ጨውና ማዕድን በመጠን ጥቂት ነው፤ በወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው ጥቂት ቢሆንም ያለ እርሱ ግን አይሆንም።

ሌላው የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። ያን የሚያህል ግንድ ሕይወት የሚገኘው በአብዛኛው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ክፍል ነው። በመካከል ያለው ልበ እንጨት ሥራውን የጨረሰ፣ ዛፉን ደግፎ የሚያቆም ምሰሶ ብቻ ነው። ከቅርፊቱ በታች ያለው ስስ ሽፋን በየዓመቱ ወደ ውስጥ አዲስ እንጨት፣ ወደ ውጭ አዲስ ቅርፊት ይጨምራል፤ በተቆረጠ ግንድ ላይ የምናያቸው ቀለበቶች የዚያ ሥራ መዝገብ ናቸው። ውሃ በአዲሱ እንጨት በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ ስኳሩ ደግሞ በውስጠኛው ቅርፊት በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ነው አንድን ትልቅ ዛፍ ለመግደል መጥረቢያ ጨርሶ የማያስፈልገው፤ ቅርፊቱን ዙሪያውን የላጠ ሰው ሥሩን በረኃብ ይገድለዋል። በሀገራችን አንዳንድ ገበሬ እንዲቆርጥ ያልተፈቀደለትን ዛፍ በዚህ መንገድ እንደሚያደርቅ ታውቃላችሁ። በግንድ ላይ ስም መቅረጽም ለዛፉ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተቀረጸው ሕይወቱ ባለበት ክፍል ላይ ነው።

በመሬት ውስጥ ደግሞ ሌላ ማኅበር አለ። የዛፍ ሥር ብቻውን አይሠራም። እንደ ፈትል የቀጠኑ ፈንገሶች ከሥሩ ጫፍ ጋር ተያይዘው ሥሩ ሊደርስበት ከማይችለው አፈር ውሃና ማዕድን ያመጡለታል፤ ዛፉም በፋንታው ከሠራው ስኳር ይከፍላቸዋል። የወደቀው ቅጠል በስብሶ ለእነዚህ ፈንገሶችና ለትላትሎች ምግብ ይሆናል፤ አፈሩም እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ውሃ ይይዛል። ሰው በብዛት ሲረግጠው ግን አፈሩ ይጠነክራል፤ ውሃ አያስገባም፤ አየርም ያጣል። በብሸሪ ጎብኚዎች በተከለለ መንገድ ብቻ እንዲሄዱ የሚታዘዙት፣ ወደ ግንዱ እንዳይጠጉ የሚከለከሉት ለዚህ ነው።

ከበረዶ የሚወለድ ዘር

የአርዝ ቅጠል መርፌ ይመስላል፤ እንደ ጽጌረዳ ተሰብስቦ በአጫጭር ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላል። ፍሬው በቅርንጫፉ ላይ ሽቅብ የሚቆም፣ ከዶሮ እንቁላል ከፍ የሚል በርሜል መሰል ነገር ነው። ዛፉ ፍሬ ለማፍራት 40 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አበባው በመስከረምና በጥቅምት በነፋስ ይዳቀላል፤ ፍሬው ለመብሰል አንድ ዓመት ከግማሽ ያህል ይቆያል። ከዚያም እንደ ሌላው ጥድ ፍሬ ሙሉውን አይወድቅም፤ እዚያው በዛፉ ላይ እንዳለ ይፈራርስና ክንፍ ያላቸው ዘሮቹ በነፋስ ይበተናሉ።

ዘሩ በብርድ ወራት ከበረዶ በታች ይተኛል። ያ ቅዝቃዜ ለብዙው ዘር እንደ ማንቂያ ደወል ነው፤ ቅዝቃዜውን ካገኘ በኋላ በረዶው ሲቀልጥ በሚያገኘው ውሃ በጸደይ ይበቅላል። ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና ከባድ ነው። የእኛ ሀገር ችግኝ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲጠግብ የሊባኖስ ችግኝ በእነዚያው ወራት ጠብታ አያይም። ከጸደይ ያገኘውን ጥቂት ጊዜ ተጠቅሞ ሥሩን ወደ ታች ካላሰደደ በመጀመሪያው በጋ ይደርቃል።

አንድ የደኑ ጠባቂ ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ብሎ ሣር የመሰለ ነገር አሳየን። ከጣት አይረዝምም። «ዕድሜው ስንት ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቀን። አንዷ «የዘንድሮ» አለች። እርሱ ግን ጥቂት ዓመታት እንደ ሆነው ነገረን። ከላይ ሳያድግ ከታች ሥሩን ሲያወርድ ነበር። እኔ ከትልልቆቹ ዛፎች ይልቅ ይህን ሣር መሰል ነገር ለማየት ተመልሼ ሄድሁ። ትልቁ ዛፍ የትናንት ሥራ ነው፤ ደኑ ከመቶ ዓመት በኋላ ይኖር እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህች ጣት በምታህል ቡቃያ ነው።

ዛፍ እግር የለውም። ቦታው ሲሞቅበት ተነሥቶ አይሄድም። ወደ ቀዝቃዛው ከፍታ ሊወጣ የሚችለው በዘሩ ብቻ ነው፤ ልጁ ከእናቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይበቅላል፤ የልጅ ልጁም ከዚያ ከፍ ይላል። የዓለም ሙቀት እየጨመረ፣ የሊባኖስ በረዶም እየቀነሰ በመሄዱ አርዙ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልገዋል፤ ተራራው ግን ጫፍ አለው። ታኑሪን በሚባለው ሌላ የአርዝ ደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቀድሞ የማይታወቅ ትል በዝቶ አዲሶቹን ቅጠሎች ፈጅቶ ነበር። ትሉ የዕድሜውን ረጅም ጊዜ በአፈር ውስጥ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ሊቃውንቱ ለመብዛቱ ምክንያት ብለው ከጠቀሱት አንዱ የአፈሩ መሞቅና መድረቅ ነው።

የፍየል ነገር

ከሙቀቱ በፊት ግን ለብዙ ዘመን ይህን ደን ያጠፋው መጥረቢያና ፍየል ነው። መጥረቢያውን ነገሥታት ያውቁት ነበር። በሁለተኛው ምእት ዓመት የነገሠው የሮም ንጉሥ ሀድሪያን በሊባኖስ ተራሮች ላይ ዓለቱን እያስፈለፈለ አራት ዓይነት ዛፎች የንጉሡ ናቸው ብሎ አጽፏል፤ ከእነዚያ ጽሑፎች ከ200 በላይ ዛሬም ይታያሉ። ነገር ግን የዓለት ጽሑፍ ሰውን ቢያስፈራም ፍየል አያነብም።

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይላል የሀገራችን ሰው። ፍየል የሺህ ዓመቱን ዛፍ አትጎዳውም፤ አትደርስበትም። የምትበላው ያችን ጣት የምታህለውን ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ለዓይን አይታይም። ሰው ትልልቆቹን ዛፎች ቆመው ሲያያቸው ደኑ በደኅና ያለ ይመስለዋል፤ በእግራቸው ሥር ግን መቶ ዓመት ሙሉ አንድም ልጅ አላደገም። አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ በነፋስና በበረዶ ሲወድቁ የሚተካቸው ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1876 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዚህ ደን የድንጋይ አጥር እንዲሠራለት ገንዘብ ሰጠች። ንግሥቲቱ ዛፍ አልተከለችም፤ ውሃም አላጠጣችም። ድንጋይ አስከምራ ፍየል እንዳይገባ ከለከለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዘሩና በረዶው ሠሩት። አጥሩ ዛሬም አለ። በደኑ ውስጥ ማሮናውያን በ19ኛው ምእት ዓመት የሠሩት ትንሽ ጸሎት ቤት ይገኛል፤ በየዓመቱ በእነርሱ አቆጣጠር ኦገስት 6 የደብረ ታቦርን በዓል እዚያ ያከብራሉ። እኛም ቡሄን ነሐሴ 13 ስናከብር በዓሉ አንድ ነው፤ የቀን አቆጣጠሩ ነው የለያየን።

በሀገራችን ያለው ደን

ደብረ ታቦርን ካነሣሁ አይቀር፣ ወደዚያው ሀገር ልውሰዳችሁ። በደቡብ ጎንደር በመኪና የተጓዘ ሰው የሚያየው ይህ ነው፤ እርሻ፣ እርሻ፣ የተጋጠ መሬት፣ ከዚያ በድንገት ክብ የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ደን፣ በደኑም መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ቀጥሎ ሌላ እርሻ፣ ሌላ ክብ ደን። በዚያ ዞን ብቻ እንዲህ ያሉ ደኖች ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። በሰሜኑ የሀገራችን ደጋ ከጥንቱ ደን የተረፈው በአብዛኛው ይኸው ነው። ዛፉን የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ አድርገው የሚቆጥሩ ቀሳውስትና ምእመናን ባይጠብቁት ኖሮ ይህም አይኖርም ነበር።

እኔም ዳዊት የደገምሁት፣ ቅኔ የቆጠርሁት እንዲህ ባለ ደን ውስጥ በተሠራ የተማሪ ጎጆ ነው። የየኔታን ፊት ያላየ የዛፍ ጥላ አልነበረም። ሌሊት ጉሬዛዎች ከላይ ሲንጫጩ፣ ንጋት ላይ ወፎች ሲቀበሏቸው መስማት የለመድነው ነው። ያን ጊዜ ጌጥ የሚመስለን ነገር ሁሉ ሥራ ነበረው። ዝግባ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ ነፋስ ከወንዱ ወደ ሴቷ ዱቄቱን ካላደረሰ ፍሬ የለም። ሴቷ የምታፈራውን ቢጫ ፍሬ ወፍ፣ ጦጣና የሌሊት ወፍ ይበሉታል፤ ጠንካራውን ዘር ወዲያ ወስደው ይጥሉታል። የዝግባ ቡቃያ በእናቱ ጥላ ሥር ታግሦ ያድጋል። ጥድ ግን ብርሃን ይፈልጋል፤ ጥላ የከበደበት ቦታ ልጁ አይወጣም። ወይራው፣ ብሳናው፣ ኮሶው፣ ዋንዛው እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ንቡም ከዚህ ደን ወጥቶ የገበሬውን ባቄላና ኑግ ይጎበኛል፤ የዝናቡ ውሃ በሥሩና በብስባሹ ተጣርቶ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከደኑ ሥር ጸበል መፍለቁን የምናውቅ ሰዎች ይህ አይደንቀንም።

ብዙዎቻችሁ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ሙያቸው የደን ጥናት ነው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ያሉትን ደኖች አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ መዝግበዋል። ከጥናታቸው ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው፣ የአብዛኞቹ ነባር ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ተቀብሮ አይቆይም። የአረም ዘር ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል፤ የነባሮቹ ዛፎች ዘር ግን በወደቀበት ዓመት ካልበቀለ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ ከተቆረጠች በኋላ «ኋላ ይበቅላል» ማለት አይቻልም፤ አፈሩ ያስቀመጠው አደራ የለውምና። ሁለተኛው፣ ከብት በማይገባበት የታጠረ ቦታ ቡቃያው ሲተርፍ ከብት በሚገባበት ግን አብዛኛው እንደሚጠፋ አይተዋል። ይኸው የብሸሪው ነገር ነው። ኋላም ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት የዛፍ ሊቅ ጋር ሆነው ከካህናቱ ጋር እየመከሩ በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ ከአካባቢው እርሻ የተለቀመ ነው፤ ገበሬው ማሳው ጠራለት፤ ደኑም ታጠረ።

ከሩቅ ሆነው የሚያደርጉት

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። በዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ለተወለደችበት ደብር ገንዘብ ያልላከች ጥቂት ናት። ቆርቆሮ ትገዛላችሁ፤ መጋረጃ ትልካላችሁ፤ ለአዲስ ሕንፃ ታዋጣላችሁ። ይህ ከሰው ቤት ወለል በጉልበት ተንበርክኮ የተገኘ ገንዘብ ስለሆነ ከብዙ ሀብታም ስጦታ ይከብዳል። ስለዚህም ምን እንደሚሠራበት የመጠየቅ መብት አላችሁ።

አዲስ ሕንፃ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ምእመናን ሲበዙ አሮጌው ቤተ መቅደስ ይጠባል፤ የመቃብር ቦታም ያንሳል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ቦታ ለማስፋት በመጀመሪያ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ዝግባ ነው። በቦታውም ቶሎ ገንዘብ ያመጣል ተብሎ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባ፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ የጠቀመ ዛፍ ነው፤ አልነቅፈውም። ቦታው ግን ከቅጽሩ ውጭ ይሁን። ውሃውን አጥብቆ የሚጠጣ፣ በሥሩም ሌላ ነገር በቀላሉ የማያበቅል በመሆኑ የዝግባን ልጅ አያሳድግም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ከሀገር ቤት ስልክ ተደውሎ «ለደብራችን አዋጡ» ስትባሉ እነዚህን ጠይቁ። ሕንፃው የሚቆመው በየት በኩል ነው? ስንት ነባር ዛፍ ይቆረጣል? ወደ ባዶው ቦታ ማዛወር አይቻልም ወይ? ደኑስ አጥር አለው? ከሌለው የዘንድሮው መዋጮ ለድንጋይ አጥር ቢውልስ? ለድንጋዩ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም፤ የሚያስፈልገው የሠራተኛ ቀለብና የግንበኛ ዋጋ ነው። ካህናቱንም እንዲህ በሉልን። ከዛፎቹ ሥር የወደቀውን ቅጠል ጠርጎ ማቃጠል ይቅር፤ የአፈሩ ምግብ ነውና። ምእመናን የሚሄዱበት መንገድ አንድ ይሁን፤ በየቦታው አይረገጥ። በሐምሌ ወር የአብነት ተማሪዎች የዝግባ ችግኝ ከጥላው ሥር፣ የጥድን ችግኝ ብርሃን በሚያገኝበት ዳርቻ ይትከሉ፤ የበሬና የፍየል መግቢያ በር ይዘጋ።

ይህ ሥራ ለዓይን አይሞላም። አዲስ ጉልላት ከሩቅ ያበራል፤ ፎቶግራፉም ይላክላችኋል። የአጥር ፎቶግራፍ ግን የድንጋይ ክምር ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ብታዩት በውስጡ ያለው ሣር የመሰለ ነገር ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ አትዘኑ። የብሸሪውን ቡቃያ አስቡ፤ ሥሩን እያወረደ ነው።

በሊባኖስ ያላችሁ ደግሞ ዕድሉ ሲገኝ፣ አገሩም ሰላም ሲሆን፣ ወደ ብሸሪ ውጡ። ካልተፈቀደላችሁም አሠሪያችሁ ስለ አርዛቸው ሲኩራሩ ብትሰሙ እናንተም በእናት ደብራችሁ ዙሪያ የሺህ ዓመት ታሪክ ያለው ደን እንዳላችሁ ንገሯቸው። ከዚያ ወደ ቤታችሁ ደውላችሁ አጥሩን ጠይቁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።